እንደ በሬ የሚያርፍ ባትሪ

ይህን ታሪክ መጻፍ ይገባል ወይ ብዬ ብዙ ጊዜ አመነታሁ። ማንም ያልከበረበት፣ ማንም ያልተዋረደበት፣ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ስለሚል አንድ አሮጌ መኪና የሚያወራ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ የማደሪያ ጓደኞቼ ስለየአገራቸው ሲያወሩ እሰማለሁ። አንዷ ስለ ሐይቅ ታወራለች፤ ሌላዋ ጉም በር ድረስ ስለሚመጣበት ደጋ ታወራለች። የእኔ ተራ ሲደርስ «ሸዋ ሮቢት ይሞቃል» እልና ዝም እላለሁ። ይህንንም ቢሆን በደሴ መንገድ ያለፈ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አውቶቡሱ ሲቆም በመስኮት ማንጎ ገዝቶ፣ ላቡን ጠርጎ አልፏል። እኛ ግን እዚያው ነበርን፤ ያን ዓመት ደግሞ መኪና እየገፋን ነበር። ስለ ቤታችን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣልኝ እሱ ስለሆነ፣ ቁም ነገር ይሁንም አይሁንም እሱኑ እጽፋለሁ።

አባቴ ሹፌር ነው። ልጅ ሳለሁ በጅቡቲ መስመር የሰው ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። በዚያን ጊዜ አባቴ መኖሩን የማውቀው በጫማው ነበር፤ ጫማው በር ሥር ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። ብዙውን ጊዜ አይኖርም። ቤት ሲገባም ይተኛል። እናቴ «ዝም በሉ፣ አባታችሁ ደክሞታል» ትለናለች፤ ስንነቃ ጫማው የለም። በመጨረሻ ወገቡ እምቢ አለ። ሐኪሙ ረጅም መንገድ እንዲተው መከረው። አባቴም ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ነጭ ፒክአፕ ገዛና የሰርቪስ ሥራ ያዘ። ከተማ የሚኖሩ መምህራንን ጠዋት ቀወት ወረዳ ገጠር ውስጥ ወዳለ ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ከሰዓት ይመልሳል። ከአስፋልቱ ወርዶ በማሽላውና በማሾው ማሳ መካከል የሚሄድ፣ አንድ አሸዋማ ደረቅ ወንዝ የሚያቋርጥ አጭር መንገድ ነው። ጫማው በየማታው በር ሥር ማደር ጀመረ።

የቀድሞ አሠሪው ግን አልተወውም። አልፎ አልፎ እየደወለ «መኪናዋ ቆማለች፤ መቼ ነው የምትመለሰው?» ይለዋል። አባቴም «እስቲ ሰርቪሱ እስካለ ድረስ» ይለዋል። ስለዚህ በቤታችን ማንም ሳይናገረው ሁላችንም የምናውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ሰርቪሱ ከቀረ አባቴ የታመመ ወገቡን ይዞ ወደ ጅቡቲ መስመር ይመለሳል።

የሰፈራችን ትራንስፎርመር በዚያው ዓመት፣ ትምህርት በተጀመረ ሰሞን፣ አንድ ቀትር ላይ ጮኸና ጨሰ። አስፋልቱ ዳር ያሉት ቤቶች መብራት ነበራቸው፤ ከኋላ ያለነው ጠፋብን። «በቅርቡ ይቀየራል» ተባለ። አልተቀየረም። አባቴ አመሻሽ ላይ የፒክአፗን የሞተር ክዳን ከፍቶ ባትሪውን ፈታና ተሸክሞት ቤት ገባ። ከአንድ አሮጌ መኪና የተነቀለ የፊት መብራት አምፖል በሽቦ አሰረበትና ሚስማር ላይ ሰቀለው። ያ መብራት መጀመሪያ ለእኔ ነበር፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አምፖሉ ከማብራቱ ይልቅ ማቃጠሉ ይብሳል። የሰፈሩ የእሳት ራት ሁሉ እየመጣ ደብተሬ ላይ ይወድቃል። ቢሆንም አነብበት ነበር።

ከዚያ ጎረቤት ስልክ ይዞ መጣ። «አንዴ ብቻ ልሰካው፤ ልጄ ከአረብ አገር ትደውላለች» አለች አንዲት እናት። እንዴት እምቢ ይባላል? በሳምንቱ ቤታችን በስልክ ገመድ ተሞላ። ከዚያ ደግሞ ለቅሶ መጣ። የእኛ እድር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ያለበት የቆየ እድር ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ድንኳኑ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። የእድሩ ዳኛ «ባትሪህን» ብለው መልእክት ሲልኩ አባቴ መፍቻውን ያነሳል። ለለቅሶ ቤት የለኝም አይባልም፤ ያለው ሰው ደግሞ ጭራሽ አይልም።

አባቴ የገበሬ ልጅ ነው፤ ሹፌር ከመሆኑ በፊት አራሽ ነበር። ስለ ባትሪ የሚያምነው ነገር ሁሉ ስለ በሬ ከሚያውቀው የመጣ ነበር። ባትሪው ሲደክም «ሞቆት ነው፤ ሥራ በዝቶበት ነው» ይላል። መብራቱ ሲደበዝዝ አምፖሉን ነቅሎ ባትሪውን እንስራው ጎን ያስቀምጠዋል፤ በረጠበ ጆንያም ይሸፍነዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ ውሃ ልቅዳ ብዬ አሲድ ልጠጣ ነው?» ትለዋለች እናቴ።

«ጥላ ፈልጎ ነው። አይነካሽም።»

«ሸሚዝህን ነክቶት የለ! ምን በላው ብዬ ስንት ቀን ሳስብ ከረምኩ።» እውነቷን ነበር። ባትሪውን ደረቱ ላይ አስደግፎ ስለሚሸከም ሸሚዞቹ ሁሉ ሆዳቸው ላይ ወንፊት ሆነው ነበር። ቀዳዳው ሲለበስ አይታይም፤ እናቴ ስታጥበው ነው እጇ ላይ የሚበተነው።

ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ባትሪውን ፈጽሞ አይነካውም፤ ማንም ስልክ እንዲሰካበትም አይፈቅድም። «ሰንበት ነው፤ ይረፍ» ይላል። የሚገርመው፣ ያረፈ ባትሪ ትንሽ ይነሳል። ዓርብ ማታ ቀይ ክር ብቻ የነበረው አምፖል ሰኞ ሲሞከር ትንሽ ይበራል። አባቴ ያኔ «አላልኳችሁም?» ብሎ በኩራት ያየናል። እኛም አመንነው።

ጠዋቱ ግን ሌላ ነበር። ገና ሳይነጋ ባትሪውን መልሶ ያስራል። የማሰሪያው ቀለበት በየቀኑ ከመፈታትና ከመታሰር ብዛት ስለሰፋ አንድ ሚስማር ጎኑ ላይ ሰክቶ ያጠብቀዋል። ከዚያ ቁልፉን ያዞራል። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አንዴ እንደ ታመመ ሰው «እህ» ይልና ዝም ይላል። ያኔ እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስራለች፤ እኔ ዩኒፎርሜን ለብሼ ከኋላ እቆማለሁ። ፒክአፗን ሁልጊዜ የምናቆማት መስጊዱ አጠገብ ካለው ትንሽ ቁልቁለት አናት ላይ ነበር። በዚያ ሰዓት ከሱብሂ ሶላት የሚመለሱ ሰዎች ያገኙናል። መጀመሪያ ሰሞን «ምን ሆናችሁ?» ይሉ ነበር። ኋላ ላይ መጠየቁን ተዉት፤ ከመስጊድ ወጥተው ጫማቸውን አድርገው በቀጥታ ወደ መኪናዋ ጀርባ ይመጣሉ።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና በናፍጣ ነው በዱዓ የምትሄደው?»

«በሁለቱም» ይላል አባቴ በመስኮት። «ዱዓው ከእናንተ፣ ናፍጣው ከእኔ።»

«እንግዲያው ነገ እንቀያየር። ናፍጣውን እኛ እናመጣለን፤ አንቱ ይግፉ!»

«አንተ ዝም ብለህ ግፋ፤ ሲስቅ ጉልበቱ ያልቃል ይሄ ሰው።»

አባቴ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ ይጠብቃል። መኪናዋ ፍጥነት ስታገኝ እግሩን ይለቃል። መኪናዋ ትንገጫገጫለች፤ ጥቁር ጭስ ፊታችን ላይ ተፍታ ትነሳለች። እሱ ሞተሩ እንዳይጠፋበት ስለሚፈራ ዞሮ እንኳ አያመሰግንም፤ እጁን ብቻ በመስኮት አውጥቶ ያወዛውዛል። እኔ ጭሱን ከፊቴ ጠርጌ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ክፍል ውስጥ መምህሩ የሚያስተምረው ይሰማኛል፤ ክንዴ ግን በመግፋት ዝሎ ብዕሬ መስመር ይስታል። እናቴ ቤት ተመልሳ ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች። አንድ ቀን «ደከመኝ ማለት ራሱ ደከመኝ» አለችኝ። ስለ ድካሟ ከዚያ ሌላ ቃል አልሰማሁም።

ሞተሩ እንዳይጠፋ መፍራቱ ልክ ነበር። ከገና በኋላ አንድ ጠዋት ደረቁን ወንዝ ሲያቋርጥ መኪናዋ አሸዋው ላይ ጠፋችበት። አሸዋ ላይ ደግሞ ገፍቶ ማስነሳት አይቻልም። መምህራኑ ጫማቸውን አውልቀው በእግራቸው ሄዱ። ልጆቹ እስከ ረፋድ ያለ አስተማሪ ግቢ ውስጥ ሲሯሯጡ ቆዩ። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ማታ ቤታችን ድረስ መጡ።

«ወንድሜ፣ እኔ አንተን እወድሃለሁ» አሉት አባቴን። «ወላጆች ግን ይጠይቁኛል። ሌላ መኪና ያለው ሰውም በየቀኑ ቢሮዬ እየመጣ ነው። እንዲህ ከቀጠለ ለሚቀጥለው ዓመት ካንተ ጋር መዋዋል አልችልም።»

«ገባኝ» አለ አባቴ። በማግስቱ ከአንድ ከተገለበጠ መኪና የወጣ ሌላ ባትሪ ገዝቶ መጣ። እሱም ለጥቂት ሳምንታት በደንብ ሠራ፤ ሱብሂ ሰጋጆቹም ከመግፋት አረፉ። ማታ ማታ አምፖሉን አበራ፤ ስልክ ሞላ፤ ሁለት ለቅሶ ቤት አመሸ። ከዚያ እሱም እንደ ፊተኛው «እህ» ማለት ጀመረ። አንዲት ጎረቤታችን «ይህ ቤት ባትሪ የሚበላ ቡዳ አለበት» አለች። ስቃ ነው ያለችው፤ አባቴ ግን አልሳቀም። ያን ሰሞን የቀድሞ አሠሪው ሲደውል ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ሲወጣ አየሁት። ምን እንዳለው አልሰማሁም። ሲመለስ ግን «እስቲ ሰርቪሱ እስካለ አልኩት» አላለንም።

ወደ መኪና ኤሌትሪሻኑ ይዛን የሄደችው እናቴ ናት። አስፋልቱ ዳር ትንሽ ሱቅ አለው፤ አፉ የማያርፍ፣ በሠራው ሁሉ የሚመጻደቅ ሰው ነው። «ሐኪም ዘንድ ሬሳ ሲሆን ነው የምታመጡት» ብሎ ተቀበለን። ቴስተሩን ባትሪው ላይ አደረገ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቁጥሩ ከአሥራ ሁለት ቮልት በታች ነበር።

«ርቦታል» አለ። «በሉ ግፉና አስነሷት።»

ገፋናትና ተነሳች። እንደገና ለካው። «አሁን አሥራ አራት አካባቢ መድረስ ነበረበት።» ቁጥሩ ትንሽ ንቅንቅ ብሎ ቆመ። ከዚያ ሞተሩ ጎን በቺንጊያ የሚዞረው ዲናሞ ላይ ለካ፤ ያኔ አሥራ አራት አለ። «ዲናሞው ጤነኛ ነው። ያመነጫል፤ ያመነጨው ግን እዚህ አይደርስም።» ሽቦውን በጣቱ እየተከተለ ባትሪው ራስ ላይ ደረሰ። ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ለብሶ ነበር። ከዱቄቱ ውስጥ ሚስማሩን አገኘው።

«ይሄ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ።

«አንቱማ ጋሼ ነዎት። ይሄ ሚስማር ማነው ማለቴ ነው።» ሁላችንም ሳቅን፤ አባቴም ሳይወድ ሳቀ። ኤሌትሪሻኑ ሚስማሩን ወደ መንገድ ወረወረው። «ቆይ፣ ሽንኩርት አልምተው ያውቃሉ?»

«አባቴ ያለማ ነበር።»

«እንግዲያው ይስሙኝ። ዲናሞው ወንዝ ነው፤ ሞተሩ እስከዞረ ይፈስሳል። ይሄ ሽቦ ቦይ ነው። ባትሪው ደግሞ ኩሬ ነው። የኩሬው ሥራ ጠዋት ሞተሪኖውን አንዴ ማጠጣት ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ መብራቱንም፣ ጡሩምባውንም፣ ኩሬውን ራሱንም የሚያጠጣው ወንዙ ነው።»

ፊዚክስ ላይ ስሙን ስለማውቀው «ሬጉሌተሩስ?» አልኩት።

«እሱ የውሃ አባት ነው። ኩሬው ሲጎድል ይለቃል፤ ሲሞላ ደግሞ እንዳያጥለቀልቀው ይዘጋል።» ወደ አባቴ ዞረ። «አንቱ ግን ማታ ማታ ኩሬውን በባልዲ ይጨልፋሉ። ጠዋት አጭር መንገድ ነድተው፣ ወንዙ ኩሬውን ሳይሞላ ያጠፋሉ። በዚያ ላይ ቦዩ ላይ ሚስማር ተክለዋል።»

አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ «አሳርፈው ነበር እኮ» አለ። «ሰንበትን አልነካውም። ጥላ ላይ ነው የማሳድረው።»

ኤሌትሪሻኑ ሊስቅ ጀመረና የአባቴን ፊት ሲያይ ተወው። «ጋሼ፣ በሬ ሲያርፍ ይግጣል። ይሄ ምን ይግጣል? ባዶውን ያረፈ ባትሪ ውስጡ ይጋገራል፤ ኋላ ቢሞሉትም አይቀበልም። የፊተኛው እንዲያ ሆኖ ነው የሞተው። ይሄኛው አልሞተም። እኔ ጋ መብራት አለ፤ ቻርጅ ላይ ይደር። ማሰሪያውንም እቀይረዋለሁ። ግን ሁለተኛ ከመኪናው አያውጡት።»

 ስንመለስ አባቴ መንገድ ላይ ለራሱ «ይግጣል» አለ። «እውነቱን ነው። ይግጣል።»

ባትሪው ሞልቶ በተመለሰ ማግስት የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ከላይ ሰፈር አንዲት አሮጊት ሞተዋል። እንደ ወትሮው መልእክት መጣ። አባቴ መፍቻውን አነሳ። እናቴ ከእጁ አልቀማችውም፤ ነጠላዋን ለብሳ «ተከተይኝ» አለችኝና ወጣን።

የእድሩ ዳኛ በሥራቸው የውሃ አባት ነበሩ። ከወንዙ የተጠለፈውን ውሃ ለየማሳው በተራ የሚያከፋፍሉ እሳቸው ናቸው። አያቶቻቸው ከአሊዩ አምባ ወገን የመጡ የድሮ ነጋዴዎች እንደነበሩ ይነገራል፤ እሳቸው ግን ከውሃ ሌላ ንግድ አያውቁም። ቦዩ ዳር ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ በአካፋ ጭቃ ሲከፍቱ አገኘናቸው።

«አባባ፣ ባሌ እምቢ ማለት አያውቅም» አለቻቸው እናቴ ሰላምታ እንኳ ሳታስረዝም። «አንቱ ካልከለከሉት ወደ ጅቡቲ መሄዱ ነው።»

«ለቅሶ ነው እኮ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ለእኔም ነገ ይለቀስልኛል።» ከዚያ ኤሌትሪሻኑ ያለውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ወንዙን፣ ቦዩን፣ ኩሬውን፣ ርዕሰ መምህሩ ያሉትንም ጨምራ። ስታወራ ድምፅዋ አልተለወጠም፤ የሰው ነገር የምታወራ ይመስል ነበር። እሳቸው አካፋቸውን ተደግፈው አዳመጧትና እንደ ማሳ ክርክር መጠየቅ ጀመሩ።

«ኩሬው መቼ ነው የሚሞላው?»

«መኪናው ሲሄድ ብቻ።»

«መንገዱስ ሩቅ ነው?»

«አጭር ነው።»

«የሞላውን ማን ሊጠጣው ነበር?»

«ጠዋት ሞተሩ።»

«ማን ጠጣው?»

 «እኛ። ጎረቤቱ። እድሩም።»

«ወላሂ፣ ከተራ ውጭ ውሃ የጠለፈ ሰው እዚህ ይቀጣል» አሉ አካፋቸውን እየጠረጉ። «እንግዲህ ዘንድሮ የሚቀጣው እድሩ ሆነ ማለት ነው።»

በሚቀጥለው እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ እኔ አልነበርኩም፤ ከእናቴ ነው የሰማሁት። የውሃ አባት ተነስተው «የዚህ ሰው ባትሪ ከመኪናው አይወጣም። እናቴ ብትሞት አይወጣም» አሉ።

አንዱ ከኋላ «እናትዎማ ድሮ ሞተዋል፤ አላህ ይማራቸው» አለ።

ሰዉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁና «እንግዲያው እኔ ብሞት አይወጣም» አሉ። «ድሮስ ሰው ሲሞት በባትሪ ነበር የምናለቅሰው? ፋኖስ አውጡ።»

ለስልኮቹም ሌላ መላ ተበጀላቸው። የሚፈስሰውን ወንዝ መጠጣት ይቻላል ስለተባለ ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ስልኩን ዘንቢል ውስጥ እያስቀመጠ ለአባቴ ይሰጠዋል። መኪናዋ ስትሄድ በመንገድ ይሞላል። ዘንቢሉን ጋቢና የሚቀመጡ አንዲት መምህርት ጭናቸው ላይ ያቅፉታል። ስልኮቹ ግን መንገድ ላይ ይጮኻሉ።

«ሄሎ? የለችም፤ ስልኳ ትምህርት ቤት ሄዷል» ይላሉ መምህርቷ። «እኔማ ማን እንደሆንኩ ምን ያደርግልሃል? ከሰዓት ደውል።» እንዲህ እያሉ የሰፈራችንን ምስጢር ሁሉ ያወቁ እሳቸው ናቸው።

መኪናዋ በቁልፍ መነሳት ጀመረች። ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንድ ጠዋት፣ በተለይ ከሰንበት በኋላ፣ አሁንም እንገፋ ነበር፤ የረመዳን ጾም ሲገባ ሰጋጆቹ ጾመው ገፉ፤ እኛም በሁዳዴ ጾመን ገፋን። ለቅሶ ቤት ደግሞ በፋኖስ መቀመጥ ለሁሉም ደስ አላለውም። አንድ ቀን ቦኖ ውሃ ላይ አንዲት ሴት እናቴን «የእናንተ መኪና ከሬሳ በላይ ተከበረች» አለቻት። እናቴ ጀሪካኗን ሞልታ መጣች። ያን ቀን አባቴ ራቱን ሳይበላ ተኛ። «የውሃ አባት ባይኖሩ ኖሮ እሰጥ ነበር» አለ ግድግዳውን እያየ። ትራንስፎርመሩ አሁንም በቅርቡ ይቀየራል ይባል ነበር።

ሰኔ ገባ። ደመና ይሰበሰባል፤ አይዘንብም፤ ሙቀቱ ከምድር ይነሳል። ርዕሰ መምህሩ አባቴን አስቆሙና «የማጠቃለያ ፈተና የሚጀመረው ከሚካኤል ማግስት ነው» አሉት። «በዚያ ቀን መምህራኑ ከዘገዩ ከእኔ እጅ ይወጣል። በሰዓቱ ካመጣሃቸው የመስከረሙን ያኔውኑ እንነጋገራለን።»

በሚካኤል ዕለት ጠዋት የውሃ አባት ቦይ ሊከፍቱ ወጥተው፣ ቦዩ ዳር ቁጭ እንዳሉ አረፉ። ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ተቀበሩ። ውሃ የሚደርሳቸው ሰዎች ሁሉ ከየገጠሩ መጡ። ድንኳኑ ሞላ፤ ግማሹ ሰው ውጭ ቆመ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አባቴ ማንንም ሳያማክር የሞተሩን ክዳን ከፈተ። እናቴ አየችው፤ አልከለከለችውም።  ነገ ፈተና መሆኑን ሦስታችንም እናውቅ ነበር። ባትሪውን ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ ወገቡ እያመመው፣ ወደ ድንኳኑ ሄደ። እኔ አምፖሉንና ሽቦውን ይዤ ተከተልኩት።

የውሃ አባት ባለቤት ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው ነበር። አባቴን ሲያዩት ቀና አሉ።

«ምንድነው የተሸከምከው?»

«ባትሪ ነው፣ እትዬ። ለእሳቸው ያልበራ ለማን ሊበራ ነው?»

«እሱ ምን ብሎ ነበር?»

አባቴ ባትሪውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። ሴቶቹ ማልቀሳቸውን አቆሙ። ያኔ እናቴን ቦኖው ላይ የተናገረቻት ሴትም እዚያው ነበረች፤ አንገቷን ደፋች።

«እኔ ብሞት አይወጣም ብሎ አልነበረም? ሁላችሁም ሰምታችሁ የለ?» አሉ የውሃ አባት ባለቤት። «ሰውዬውን ዛሬ ቀበርን። ቃሉንም አብረህ ልትቀብረው ነው? መልሰው ልጄ። እኔ ጨለማ አልፈራም።»

አባቴ ባትሪውን መሬት አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመና ባትሪውን አንስቶ ዞረ። በመመለሻችን ባትሪው የከበደው ይመስል ሁለት ጊዜ መሬት አስቀመጠው። መኪናዋ ጋ ስንደርስ አሁንም ትንሽ ብርሃን ነበር። የባትሪውን ራስ በአሮጌ ሸሚዝ ጠረገ፤ ማሰሪያውን አስገብቶ አጠበቀው። ሚስማር አልፈለገም። መፍቻውን አብሬው ያዝኩ። አልሞከራትም። «ብሞክራት አልተኛም፤ ባልሞክራትም አልተኛም» አለና ክዳኑን ዘጋው።

ጠዋት ከሱብሂ የተመለሱት ሰዎች እንደ ልማዳቸው ከኋላ መጥተው ተሰለፉ። ማታውን ለቅሶ ላይ ስላመሹ ፊታቸው አብጦ ነበር። ማንም አልቀለደም። እናቴ ነጠላዋን አሰረች። እኔ እጄን የጭነቱ ክዳን ላይ አደረግኩ፤ ብረቱ በዚያ ሰዓት እንኳ ሞቃት ነበር። አባቴ ቁልፉን አዞረ።

መኪናዋ ወዲያው ተነሳች።

እጃችንን ሳናነሳ ቆየን። በመጨረሻ አንዱ «እኛስ?» አለ።

«ዛሬ ዱዓው ለእሳቸው ይሁን» አለ አባቴ በመስኮት። ወዲያው ግን አልሄደም። ሞተሩ እየሠራ፣ እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ የውሃ አባት ቤት ያለበትን አቅጣጫ ሲያይ ቆየ። ከዚያ እጁን አውጥቶ አወዛወዘና መምህራኑን ሊያነሳ ሄደ። እናቴ ነጠላዋን ፈታች፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ሲወስዳት አየሁ።

ከሰዓት ሲመለስ ርዕሰ መምህሩ ለመስከረም እንደተዋዋሉት ነገረን። ከዚያ ሁለት እጁን አጣምሮ ተቀመጠ፤ ድካሙ እንደ አዲስ የመጣበት ይመስል ነበር። ማታ ወደ ውጭ ስወጣ ጫማው በር ሥር ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪና ገፍቼ አላውቅም፤ ያ ቀን ማክሰኞ፣ ሰኔ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር።